የአቡጀዲ ጥላ

ሙሰዓብ የካሜራውን ቦርሳ በትከሻው አንግቶ ሲገባ ታላቅ ወንድሙ ሙሐመድአወል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰላምታውን አልነፈገውም፤ ብቻ «ወዓለይኩም ሰላም» ያለው ለቆርቆሮው ነበር። ቤቷ በሐርጌሳ፣ በመሐመድ ሞጌ ሰፈር ከአንድ ግቢ ጥግ የተለጠፈች፣ አራት እርምጃ በሦስት የሆነች፣ በወር አርባ ዶላር የሚከፈልባት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ውስጧን ካርቶን አልብሰዋታል፤ ካርቶኑ ለዓይን ካልሆነ ለሙቀቱ የፈየደው ነገር የለም። ገና ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ጣሪያው መንጣጣት ይጀምራል። ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ከራስጌው ግማሽ ሊትር የምትይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆማለች፤ ሐኪሙ ለሙሉ ቀን የፈቀደለት ያችን ብቻ ስለሆነ ሙሐመድአወል አንድ ጉንጭ በጠጣ ቁጥር የቀረውን በእስክሪብቶ ምልክት ያደርግበታል። ከበላዩ የግንበኛ ማንኪያውና ውሃ ልኩ ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል። ከተሰቀሉ ስድስት ወር ሆኗቸዋል።

«እኔን አትቀርጸኝም» ብሎ ነበር ትናንት። «አዚዛን ጠይቃት፤ እሷ እሺ ካለች አልከለክልም።» ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በሁለቱ መካከል ጠብ የለም፤ ጠብ ቢኖር ይሻል ነበር፣ ተጣልቶ መታረቅ ይቻላል። ሙሐመድአወል በስምንት ዓመት ውስጥ የሐርጌሳን ግማሽ ፎቅ በእጁ ያቆመ፣ ታናሽ ወንድሙን ከከሚሴ ያስመጣ፣ የመጀመሪያዋን ካሜራ ከገዛ ጉልበቱ ዋጋ ቆርጦ የገዛለት ሰው ነው። አሁን ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ደሙ በማሽን መታጠብ አለበት፤ የተከፈለው ግን እስከ እሑድ ብቻ ነው። የሙሰዓብ ደመወዝ ተጠርጎ ገብቶበታል፣ የወንድሙ ሚስት የአዚዛ ጌጥም ገብቶበታል። ከእሑድ በኋላ ያለውን አላህ ያውቃል ይባላል። ሐኪሙም ያውቃል፣ አዚዛም ታውቃለች።

ያልተንኳኳ አንድ በር ቀርቶ ነበር፤ የዳሀቦ በር። ዳሀቦ ዋሄን ገበያ አጠገብ ስቱዲዮ ያላት፣ ሙሰዓብ ተቀጥሮ የሚሠራላት ሴት ናት። እዚሁ ተወልዳ አዲስ አበባ ስላደገች አማርኛው ከሙሰዓብ ይልቅ ለሷ ይቀናታል። ሰርግ ታስቀርጻለች፣ ለመሥሪያ ቤት አለቆች ቃለ መጠይቅ ትሠራለች፤ በየሳምንቱ ሐሙስ አመሻሽ ደግሞ አንድ የተቸገረ ሰው በፌስቡክ ገጿ ላይ ታወጣለች። አውሮፓና ዓረብ አገር ያሉ ሰዎች ለዓርብ ሰደቃ እያሉ ገንዘብ በስልክ ይልካሉ። ለአንድ ሐሙስ አንድ ሰው ነው፤ ተራው እስከ ሁለት ወር ይጠበቃል። ዳሀቦ የዛሬውን ሐሙስ ለሙሰዓብ ወንድም ስትሰጥ አላንገራገረችም። ቀረጻው አሥራ አንድ ሰዓት እጇ ላይ ካልገባ ግን ለሚቀጥሉት ሰዎች እንደምትሰጠው፣ እነሱም ልጃቸው በእሳት እንደተቃጠለችባቸው ነገረችው። ይህንንም በክፋት አላለችውም።

ቀረጻው የግድ ደጅ ነው የሚሆነው። ክፍሏ ጨለማ ናት፣ በዚያ ላይ በሽተኛው አልቀረጽም ብሏል። ሙሰዓብ የፕላስቲኩን ወንበር ግቢው መካከል አኑሮ አዚዛን አስቀመጣትና በካሜራው አያት። ሰማዩ ላይ ለመድኃኒት የሚሆን ደመና የለም። የአራት ሰዓት ፀሐይ ከላይ እየወረደች ዓይኖቿን ሁለት ጉድጓድ አድርጋቸዋለች፣ ከአፍንጫዋ ሥር ጥቁር ጥላ ጥላለች፣ ግንባሯን እንደ ቆርቆሮ አብርታዋለች። አዚዛ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በካሜራው ውስጥ ሃምሳን አልፋለች። እንዲህ ያለውን ፊት ሙሰዓብ አሳምሮ ያውቀዋል። የሐሙስ ሰዎችን ሁሉ የሚቀርጻቸው እንዲሁ ነው። ዛሬ ግን ጣቱ አዝራሩን እምቢ አለው። ይቺ ሴት አምስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ትሪ ያበላችው፣ ታይፎይድ ሲይዘው ልብሱን ያጠበችለት የወንድሙ ሚስት ናት።

ደረቅ ፀሐይን ማለዘብ ሥራው ነው። ለሙሽራና ለባንክ ሥራ አስኪያጅ ሲያደርገው ኖሯል፤ በፀሐይና በሰውየው ፊት መካከል ነጭ ስስ ጨርቅ መወጠር ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። የስቱዲዮውን ጨርቅ ግን ባለፈው ወር አያሃ ሰፈር ላይ ነፋስ ከሁለት ቀደደው። ዳሀቦ ሌላ እስከ ሰርግ ወቅት አልገዛም ብላለች፤ ለሐሙስ ሰዎች ምን ያደርግላቸዋል። ሙሰዓብ ግቢውን ቃኘ። የአከራይዋ የራሕሞ ሰማያዊ ሸራ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በሱ ሥር የተቀመጠ ሰው ሬሳ ይመስላል። የአዚዛ አንሶላ አበባ አለበት፤ አበባው ሁሉ ፊቷ ላይ ነው የሚያርፈው።

«እትዬ፣ ነጭ ጨርቅ የለም? ሳሳ ያለ፣ ምንም የሌለበት።»

አዚዛ ትንሽ አሰበችና ወደ ክፍሉ ገባች። ቆየች። ከውስጥ የሻንጣ ዚፕ ሲከፈት ተሰማ፣ ከዚያ ምንም አልተሰማም። ስትወጣ ታጥፎ የተቀመጠ አዲስ አቡጀዲ በሁለት እጇ ይዛለች። «ይሄ ንጹሕ ነው» አለችና ሰጠችው። ሙሰዓብ ዘረጋው። የሱቅ ሽታው አልለቀቀውም። አንድ ወጥ መስሎት ነበር፤ ሦስት ሆኖ ተገኘ። ሦስቱም እኩል፣ እያንዳንዱ ከሰው ቁመት የሚረዝም፣ በመቀስ ተቆርጦ ጠርዙ ያልተሰፋ። ወንድ ልጅ በሦስት ጨርቅ እንደሚከፈን በቁርአን ቤት የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከሁለት ወር በፊት፣ እግሩ ገና ሲታዘዝለት፣ ሙሐመድአወል አልሸኝም ብሎ ለብቻው ዋሄን ወርዶ በጥቁር ፌስታል የሆነ ነገር ይዞ መመለሱ ሙሰዓብ ትዝ አለው። መድኃኒት መስሎት አልጠየቀም ነበር። አዚዛን ቀና ብሎ አያት። እሷ ሻሿን እያስተካከለች ነበር። ምን እንደሰጠችው ታውቅ እንደሆነ ከፊቷ ማንበብ አልቻለም፤ መጠየቁም አልሆነለትም። አንዳንድ ነገር ሆድ ይፍጀው ነው የሚባለው። ጨርቁን አጥፎ ሊመልስላት ይገባ ነበር። አልመለሰውም፤ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ብርሃኑ እንዴት እንደሚያልፍበት አየ፣ ከስቱዲዮው ጨርቅ የተሻለ ነበር።

ወንድሙ ከሥራ ቦታ ያመጣቸውን ሁለት የመወጣጫ እንጨቶች አሸዋ በሞላባቸው ባልዲዎች ውስጥ ተከለ። ሁለቱን ቁራጭ ባልዲው ጠርዝ ላይ አኑሮ አንዱን በገመድ ወጠረና፣ ካሜራው ውስጥ ሊገባ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወደ አዚዛ አናት ዝቅ አደረገው። ጨርቁ በራቀ መጠን ብርሃኑ ይደርቃል፣ በቀረበ መጠን ይለዝባል፤ ይህን ማንም አላስተማረውም፣ በሰርግ ነው የተማረው። ወንበሩን ፀሐይዋ ከትከሻዋ በስተኋላ እንድትሆን አዞረ። የራሕሞ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ከፊት ለፊት ብርሃን ይመልስ ነበርና ተመቸው፤ ከሥር ደግሞ ነጭ የሰሐን ክዳን ጉልበቷ ላይ አስያዛት። ነፋስ በመጣ ቁጥር ጨርቁ እየተራገበ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ስለሚንቀሳቀስ ራሕሞ ወጥታ አንዱን ጫፍ ያዘችላቸው። ደህና መሐረብ የለሽም ብላም የራሷን ወይን ጠጅ ሻሽ አመጣችላት። ራሕሞ በኪራይ ቀን ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን ክንዷ እስኪዝል ቆመች።

ካሜራው ውስጥ የታየችው አዚዛ ሌላ ሰው ነበረች። ወይም የድሮዋ። ጉድጓዶቹ ዓይን ሆኑ፣ ጉንጯ ተመለሰ፣ ከከንፈሯ ዳር ያለችው ትንሽ ጠባሳ እንኳ አማረባት። ስትናገርም ሳትቸኩል ነው። ባሏ የሠራቸውን ቤቶች በሰፈር በሰፈር ቆጠረች፣ ሒሳብ በተቀበለ ቀን ሐብሐብ ተሸክሞ እንደሚመጣና ለጎረቤት ሳያካፍል እንደማይበላ አወራች፣ አሁን ውሃ እንኳ ተለክቶ እንደሚጠጣ ተናገረች። እጇን አላወራጨችም፣ አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ የበሩ መጋረጃ ከውስጥ ተነክቶ ተንቀሳቀሰ፤ ሙሰዓብ አየው፣ መልሶ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተከለ። ሲጨርሱ በካሜራው ትንሽ መስኮት አሳያት። አዚዛ ጠጋ ብላ አየች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«ለእናቴ ትልክልኛለህ?» አለችው። «ከስታለች እያሉ ያወሩባታል።»

እንደሚልክላት ቃል ገባላት። ሚኒባስ ይዞ ዋሄን ሲወርድ ደስ ብሎት ነበር፤ ይህን ደስታ ኋላ ሲያስበው ያፍርበታል፣ ግን ደስ ብሎት ነበር። ገበያው ጫፍ ወርዶ በእግሩ ገባ። የሽልንግ እስር እንደ ብሎኬት ደርድረው መሬት ላይ በተቀመጡት ዘርዛሪዎች መካከል፣ በኦሮምኛም በአማርኛም «መንገድ!» እያሉ ጋሪ በሚገፉት ተሸካሚዎች መካከል እየተሹለከለከ ሄደ። ከነዚያ ተሸካሚዎች አንዱ ቢታመም የአገሩ ሰው እንደሚታከመው አይታከምም። የአገሩ ሰው ሲታመም ጎሳው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ስልክ ይደውላል፣ ለንደን ያለ የአጎት ልጅ ያዋጣል። ከከሚሴ የመጣ ግንበኛ ግን ያለው ሚስቱና ወንድሙ ነው።

ዳሀቦ ከስልክ መሸጫው በላይ ባለችው ስቱዲዮዋ ሩዝ በሙዝ እየበላች ነበር። ብላ ብትለው እምቢ አለ። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየችው፣ በሁለተኛው ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ማሻአላህ» አለች። «እኔን እንዲህ አድርገህ ቀርጸኸኝ ታውቃለህ?» ሙሰዓብ ሳቀ። እሷ ግን ቀልዷን ተወችና ማያ ገጹን ወደሱ አዞረችው። «ቅር እንዳይልህ። ይቺን ሴት አይቶ ኪሱ የሚገባ ሰው የለም። ምን ጎደላት? የባንክ ማስታወቂያ ነው የምትመስለው።»

ሙሰዓብ «የምትናገረውን ስሚ እንጂ» ሊል ሲጀምር ዳሀቦ ሌላ ፊልም ከፈተች። አያሃ ያለው ሽማግሌው ሳማታር ነው፣ ልጁን ባሕር የበላበት፣ ቤቱ ጣሪያ አልነበረውም። ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ ታርሶ የተተወ ማሳ ይመስላል፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ነው። ከሥሩ ሰዎች «አልቅሶ አስለቀሰኝ» እያሉ ጽፈዋል። በአራት ቀን ጣሪያም በርም ተገኝቶለታል።

«ይሄን ማን ቀረጸው?»

«እኔ።»

«ለሳማታር ፀሐይ፣ ለወንድምህ ሚስት ጥላ?»

ይህን ስትለው ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሙሰዓብ ዓይኑን ከሽማግሌው ፊት አላነሣም። ሳማታር እንባው የወረደው በልጁ ብቻ አይደለም። ቆቡን ያስወለቀው፣ ዓይኑ ይልመድ ብሎ ካሜራ እያስተካከለ በሰባት ሰዓት ፀሐይ ሃያ ደቂቃ ያስቀመጠው እሱ ነው። ሽማግሌው አንድ ጊዜ በእጁ ዓይኑን ሊጋርድ ሲል «አባባ፣ እጅዎን ያውርዱ» ያለውም እሱ ነው። የሰው ቁስል በእንጨት ነው የሚነካው ይባላል፤ ሙሰዓብ እንጨቱን ሁለት ዓመት ሙሉ በእጁ ይዞ ኖሯል፣ እንጨት መሆኑን ያየው ገና አሁን ነው። አፈረ። ማፈሩ ግን አሥራ አንድ ሰዓትን አያራዝመውም።

ዳሀቦም ክፉ ሴት አይደለችም። በዚህ ሥራ ስንት ሰው እንደታከመ፣ ስንት ሰው ደግሞ ቪዲዮው ስላማረ ብቻ ዞር ብሎ ያየው ጠፍቶ እንደሞተ ታውቃለች። ወላሂ እኔም አልወደውም አለችው። ከዚያ ሌላም ነገር ጨመረች። ሴትዮዋ በመጨረሻ «ሰው የለንም» ማለት አለባት። እዚህ አገር መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ወገን ናቸው ነው፤ ወንድም እንዳለው፣ ያም ወንድም ካሜራ ይዞ ከፊት እንደቆመ ቢታወቅ ሰዉ ሁሉ «እሱ ለምን አይከፍልም» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ወንድም የለም። ሲወጣ ለበሽተኛው ይዘህለት ሂድ ብላ ሙዝ በፌስታል ሰጠችው። ሙዝ ለኩላሊት በሽተኛ መርዝ እንደሆነ አልነገራትም፤ አመስግኖ ተቀበለ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ግቢው ውስጥ ነበር። ሙዙን ለራሕሞ ሰጣት። ለአዚዛ ደግሞ ብርሃኑ ተበላሽቷል፣ እንደገና መቅረጽ አለብን አላት። አዚዛ እቃ እያጠበች ነበር። አረፋውን ከክንዷ ላይ ጠራርጋ ተነሣችና አየችው።

«ተበላሽቶ ነው ወይስ አምሬ?»

ሙሰዓብ ወደ ባልዲዎቹ ሄደ። አዚዛ ሌላ አልጠየቀችም። የራሕሞን ሻሽ ፈትታ በጥንቃቄ አጥፋ መለሰችላት፣ ማድቤት የምታስረውን ጭስ የበላው መሐረብ አሰረች፣ ጠዋት የተቀባችውን ቅባት ከፊቷ በሳሙና አጠበች። ሳይነገራት ሁሉንም አወቀችው። ችግር በቅቤ ያስበላል የሚሉት ለቀልድ ነው፤ ችግር ብዙ ነገር ያለ አስተማሪ ያስተምራል። ሙሰዓብ አቡጀዲውን ከእንጨቶቹ ፈትቶ ባልዲው ጠርዝ ላይ ጣል አደረገው። ወንበሩንም አዞረው፣ አሁን ፀሐይዋ ከፊት ለፊቷ ሆነች።

ዓይንሽ ይልመድ ብሎ አስቀመጣት። ይህን ሲል ድምፁን ራሱ ሰማው። ራሕሞ በሯ ላይ ቆማ ታይ ነበር፤ በሶማልኛ አንድ ነገር አጉረምርማ ገብታ በሯን ዘጋች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የአዚዛ ዓይኖች ቀልተው ውሃ ማቅረር ጀመሩ። ሙሰዓብ አዝራሩን ተጫነ። ያንኑ ጠዋት ያለችውን ተናገረች፣ የሐብሐቡን ግን ተወችው። ፊቷ ተኮማትሯል፣ ጥርሷ ሳይቀር ደርቋል፣ እንባው ሳታለቅስ ወረደ። በዳሀቦ ሚዛን እንከን የለውም። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ሙሰዓብ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ ቀስ ብሎ «አሁን ሰው የለንም በይ» አላት።

አዚዛ እጇን ከፍ አድርጋ ዓይኗን ጋረደችና ካሜራውን ሳይሆን እሱን ፈለገችው።

«አንተ እዚህ ቆመህ? እሱ እዚያ ተኝቶ እየሰማ?»

ቃል ብቻ ናት አላት። ዳሀቦ የምትለውን ሁሉ፣ ስለ ወገን፣ ስለሚያልፉት ሰዎች፣ ስለ እሑድ፣ አንድ በአንድ አስረዳት። የዓስር አዛን ከመስጊዱ ተሰማ፣ ጸጥ ብለው አሳለፉት። ከአዛኑ በኋላ አዚዛ «እኔ አልልም» አለች። አንገቷን ደፍታ ጉልበቷን ታሻለች። ሙሰዓብ ሰዓቱን አየ፤ ለማቀናበር አንድ ሰዓት ያስፈልገዋል፣ ለመንገዱ ግማሽ። ተናደደባት። በገዛ ወንድሙ ሚስት፣ እሱን አልክድም ስላለች ተናደደባት፤ ቁጣው እውነተኛ ቁጣ ነበር።

ያን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠ። ሙሐመድአወል በሁለት እጁ መቃኑን ይዞ ቆሟል። ሽርጡን እንደነገሩ ቋጥሮታል፣ እግሩ ስላበጠ ጫማ አይገባለትም፣ በባዶ እግሩ ነው። ሙሰዓብ ሊደግፈው ሮጠ፤ ወንድሙ በክንዱ ገፋ አደረገው። ከበሩ እስከ ወንበሩ ስምንት እርምጃ አይሆንም፣ በየሁለቱ እየቆመ ተራመደው። ባልዲው ጋ ሲደርስ መሬት የነካውን የአቡጀዲ ጫፍ አየ።

«አዚዛ፣ አራግፈሽ አጥፊው» አላት። «አቧራ ይዞታል።»

አዚዛ ሦስቱንም ሰበሰበች። ሲራገፉ አቧራው ፀሐዩ ላይ ብን አለ። በያዙት እጥፋት መልሳ ስታጥፋቸው ማንም ማንንም አላየም። ከዚያ ባሏ «ግቢ» አላት፣ ገባች። ሙሐመድአወል ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። የሙሰዓብ እጅ ሳያስበው ወደ ራሕሞ ሸራ፣ ወደ ገመዱ፣ ጥላ ወደሚሆን ነገር ሁሉ ተንከራተተ።

«ተወው» አለው ወንድሙ። «ፀሐይ አይደል የተፈለገው? ቆርቆሮው ሁሉን ያሰማል።»

ሙሰዓብ በካሜራው አየ። ፊቱ አብጧል፣ ቆዳው የሲሚንቶ ዱቄት የነካው ይመስላል፣ ከንፈሩ ከጥም ተሰነጣጥቋል። ሁለት ወር በዚያ ጨለማ ክፍል ሲያየው የቆየው ፊት እንዲህ መሆኑን አላወቀም ነበር፤ ፀሐይዋ አንድም ነገር አልደበቀችለትም። ከሳማታር ይበልጣል። እስከ ዛሬ ከቀረጸው ሁሉ ይበልጣል። ይህን ሲያስብ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቅ አለው፣ ደስታ መሆኑንም አወቀ፤ ካሜራውን አስተካከለ፣ ትኩረቱን በዓይኖቹ ላይ አደረገ፣ አዝራሩን ተጫነ።

ሙሐመድአወል በስምንት ዓመት ለፍቶ በተማረው ሶማልኛ ተናገረ። ስሙን አለ። ግንበኛ እንደሆነ፣ ሠርቶ እንደሚበላ፣ የማንንም ሐቅ እንዳልነካ አለ። ኩላሊቶቹ እንደቆሙ፣ እስከ እሑድ እንደተከፈለለት አለ። አልሐምዱሊላህ አለ። ከዚያ መሬቱን እያየ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ «ሰው የለኝም» አለ።

ሙሰዓብ ያቺን ጊዜ ካሜራውን አጥፍቶ ወንድሙን ደግፎ ማስገባት ይችል ነበር፤ ይበቃ ነበር፣ ለማንም ይበቃ ነበር። ግን ቃሉ ዝቅ ብሎ ወጥቷል፣ ዓይኑም አልታየም። ኦስሎ ወይም ዱባይ ተቀምጦ በስልክ የሚያይ ሰው አይሰማውም፤ ሳይሰማውም ያልፋል።

«ወንድምጋሼ» አለ። ድምፁ የሥራ ድምፅ ነበር። «የመጨረሻዋን አንድ ጊዜ እንድገማት። ከፍ አድርጋት። ወደ ታች አትይ፣ ወደዚህ እይ።»

«ወዳንተ?»

«ወደኔ።»

ሙሐመድአወል ቀና አለ። ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ገባች፣ አልጨፈነም። ሙሰዓብን በሌንሱ በኩል ትክ ብሎ እያየ፣ ግቢውን በሚሞላ ድምፅ ደገመው። በዚህኛው ሙሰዓብም አመነው።